ስፖርት ጀመርኩ፤ ምግቤንስ ምን ላድርገው?



የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንድ ባጃጅ እስከ በሩ ድረስ ገብቶ ቆመ። ሁለት ወጣቶች ዕድሜያቸው ወደ 55 የሚጠጋ ሰው ደግፈው አወረዱ። ሰውየው በላብ ተነክረዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስማቸውን ስጠይቃቸው የማይገናኝ ነገር ይመልሳሉ። የተገኙት ወደ ዳሞታ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጠው ነው። መንገደኛው ሁሉ "ምነው በጠዋቱ ሰከሩ?" እያለ አልፏቸዋል። የባጃጁ ሹፌር ግን ያውቃቸው ነበር። "እኚህ ሰው እኮ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም" ብሎ ነው ጭኖ ያመጣቸው። ይህ ልጅ ሕይወት አድኗል።

በጣት ደም ስንለካ ስኳራቸው 38 ነበር። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ54 በታች ደግሞ አደገኛ። 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሰጠናቸው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ዓይናቸው ጠራ። ዙሪያውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። አወቁኝ፤ እኔም አወቅኋቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ተመላላሽ ክፍል ያየኋቸው የስኳር ታካሚዬ ናቸው።

"ዶክተር፣ ያልከኝን ነው እኮ ያደረግኩት" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። "ጋሼ፣ ክብደት ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ምግብ ይቀንሱ" ብያቸው ነበር። ሦስት ትእዛዝ በሁለት ደቂቃ፤ ከበር ውጭ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበርና። ምን ያህል? በስንት ሰዓት? መድኃኒቱስ ምን ይሁን? ይህን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ደግሞ የተባሉትን የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። ራት ተዉ። ጠዋት ተነስተው እንደ ወትሮው ግሊበንክላማይዳቸውን ዋጡ። ቁርስ ሳይቀምሱ ዳገቱን ተያያዙት።

(ታሪኩን የጻፍኩት እሳቸውን አስፈቅጄ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ።)

እንግዲህ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ ለሁላችሁም ልናገር። ስፖርት ስንጀምር ምግባችንን እንጨምር ወይስ እንቀንስ? መልሱ እንደ ሰውየው ነው። አንዱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሌላው መጨመር አለበት፣ ሌላው ደግሞ ምግቡን ከመንካቱ በፊት መድኃኒቱን ማስተካከል አለበት።

1. ስፖርቱ በእርግጥ ስንት ያቃጥላል?

ከምናስበው ያነሰ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ 140 ካሎሪ አካባቢ ያወጣል። ሩጫ ከሆነ ቀላል ስሌት አለ፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ካሎሪ ገደማ። ስለዚህ ይኸው ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 350 ያህል ያወጣል።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 130 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120። ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግማሽ ሰዓት ተራምዳችሁ ስትመለሱ "ደክሞኛል" ብላችሁ አንድ ለስላሳ ከጠጣችሁ መንገዱን መልሳችሁ ጠጣችሁት ማለት ነው።

እኔ ራሴ ጂም በጀመርኩበት ወር 2 ኪሎ ጨምሬያለሁ። እንዴት? ከጂም ስንወጣ ከጓደኞቼ ጋር "ዛሬማ ይገባናል" እያልን ቁርጥ በዳጣ፣ ላዩ ላይ ቢራ። አንዱ ቢራ ብቻውን 140 ካሎሪ አካባቢ አለው። ጡንቻ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፤ ቀበቶዬ ግን አላመነኝም።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነታችን ቆጣቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኸርማን ፖንትዘር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በታንዛኒያ የሚኖሩትን ሃድዛ የተባሉ አዳኝ ሕዝቦች ያጠኑትን አሳትመው ነበር። ሃድዛዎች ቀኑን ሙሉ ሲራመዱ፣ ሲቆፍሩና ሲያድኑ ይውላሉ። ሆኖም የሰውነት መጠን ታስቦ ሲሰላ በቀን የሚያወጡት ጉልበት ቢሮ ከሚውለው አሜሪካዊና አውሮፓዊ ብዙም የተለየ አልነበረም። እንቅስቃሴ ስንጨምር ሰውነት በሌላ በኩል ይቆጥባል። ስለዚህ ክብደትን በስፖርት ብቻ እቀንሳለሁ ማለት ያደክማል። ስፖርቱ ግን ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍና ለአእምሮ የሚሰጠው ጥቅም ሚዛኑ ቀነሰም አልቀነሰም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

2. ቦርጭ ለመቀነስ የጀመራችሁ

ለስፖርቱ ብላችሁ ምግብ አትጨምሩ፤ ራትም አታጥፉ። በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ይበቃል፤ ይህን ደግሞ ከማዕድ ሳትነሱ ታገኙታላችሁ። ምሳሌ ልስጣችሁ። በቀን 4 ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ወደ 1 ማንኪያ ቢወርድ 8 ማንኪያ ስኳር ቀነሰ፤ ይህ 130 ካሎሪ ያህል ነው። ከወጡ ላይ በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢቀነስለት 240። ድምሩ 370። አንድ ጉርሻ እንኳ አልጎደለም።

በቅቤ የራሰ ሙቹዋ አትብሉ አልልም፤ ወላይታ ተቀምጬ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል! ጊፋታም ዓመት ጠብቆ ነው የሚመጣው። ነገር ግን የበዓሉን ምግብ የዘወትር አታድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ሚዛኑ ላይቀንስ፣ እንዲያውም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። አዲስ ሥራ የተሰጠው ጡንቻ ውሃ ይይዛል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይደነግጥና ምግብ ጭራሽ ይተዋል፤ ከዚያ ይዝላል፤ ከዚያ ስፖርቱን ይተዋል። ታገሱ። በሳምንት እስከ ግማሽ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው።

3. ቀጭን ሆናችሁ የጀመራችሁ

ይህ ክፍል በተለይ ለተማሪዎች ነው። በቀን ሁለቴ፣ እሱም ትንሽ እየበላ፣ ማታ ጂም ብረት የሚያነሳ ልጅ አውቃለሁ። ሦስት ወር ሠርቶ "ዶክተር፣ ለምን አልገዝፍም?" ይለኛል። ወንድሜ፣ ቤት ያለ ድንጋይና ያለ እንጨት አይሠራም! እናንተ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መጨመር አለባችሁ።

ለዚህ በውድ ዋጋ የሚሸጥ የፕሮቲን ዱቄት አያስፈልግም። ገበያችን ላይ ያለውን እንቁጠር፦

- አንድ ስኒ ሙሉ የተቀቀለ ቦሎቄ (በውሃ መጠጫ ብርጭቆ ልክ)፦ ወደ 220 ካሎሪ፣ 15 ግራም ፕሮቲን
- ግማሽ አቮካዶ፦ ወደ 160 ካሎሪ
- አንድ ብርጭቆ ወተት፦ ወደ 150 ካሎሪ፣ 8 ግራም ፕሮቲን
- መካከለኛ ስኳር ድንች፦ ከ100 ካሎሪ ትንሽ ከፍ ይላል
- አንድ እንቁላል፦ ወደ 75 ካሎሪ፣ 6 ግራም ፕሮቲን

ቆጮ፣ ቦዬና ስኳር ድንች ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ብቻቸውን አይቅረቡ፤ ቦሎቄ፣ ወተት፣ አይብ ወይም እንቁላል ይጨመርባቸው።

"ካርቦሃይድሬት ጠላት ነው" የሚለውን ወሬም ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 10 የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉትን ለ7 ቀናት እየመዘነ ተከታትሏል። በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ ይበሉ ነበር፤ የሚያወጡትም ከዚያ ብዙ አይለይም። ከምግባቸው 64 በመቶ ያህሉ ጉልበት የተገኘው ከካርቦሃይድሬት ነው፤ አብዛኛው ምግባቸውም የዕፅዋት ነው። የሚበሉት በሚያወጡት ልክ ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እነሱን አይቶ ግማሽ ሰዓት የተራመደ ሰው 3,200 ይብላ ማለቴ ግን አይደለም!

ምክንያቱ የማይታወቅ መክሳት፣ የማያቋርጥ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካላችሁ ግን ጂሙ ይቆይ፤ መጀመሪያ ተመርመሩ።

4. እህቶቼ

ስፖርት ጀምራችሁ፣ ምግብ ቀንሳችሁ፣ የወር አበባችሁ ከተዛባ ወይም ከቀረ ሰውነታችሁ "የምትሰጪኝ አልበቃኝም" እያለ ነው። እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ምግብ ጨምሩ፣ ሐኪም አማክሩ። ዝም ከተባለ አጥንት ይሳሳል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የክብደት መቀነሻ አመጋገብ አትጀምሩ። የምታጠቡ እናቶች ደግሞ እንዲያውም ከወትሮው ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋችኋል፤ ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ግን ምንም ችግር የለውም።

5. የስኳር ታካሚዎች፦ እባካችሁ ይህን በደንብ አንብቡ

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ስኳር ያወርዳሉ፦ መድኃኒቱ፣ እንቅስቃሴውና የምግብ መጉደል። የእኔ ታካሚ ሦስቱንም በአንድ ጠዋት ደመሯቸው። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ በጣም ዝቅተኛ ነው።

- ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። የመድኃኒቱ መጠን ወይም ዓይነት መቀየር ሊኖርበት ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።
- መድኃኒት ወስዳችሁ ባዶ ሆዳችሁን አትውጡ። ከቁርስ በኋላ መራመድ ይሻላል።
- መለኪያ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ለኩ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ሙዝ ወይም ዳቦ ብሉ። ከ250 በላይ ሆኖ የሚያቅለሸልሻችሁ ወይም የሚያስታውካችሁ ከሆነ ስፖርቱን ትታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።
- ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። ብቻችሁን ሩቅ አትሂዱ።
- ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መደናገር ከተሰማችሁ ቁሙ። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላችሁ ድገሙት። ሲሻላችሁ ምግብ ብሉ።
- ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። በኪኒን ምክንያት የወረደ ስኳር ከተሻለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል "ነቅቷል" ብላችሁ ከጤና ተቋም አታስቀሩት።

መጾም የምትፈልጉም ይህንኑ ከሐኪማችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

6. ካሎሪ ሳንቆጥር እንዴት እንለካ?

ስልክ ላይ ያሉት የካሎሪ መቁጠሪያዎች የተሠሩት ብቻውን በሳህን ለሚበላ ሰው ነው። እኛ አምስት ሆነን ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ ላዩ ላይ ጉርሻ አለ። ማን ምን ያህል እንደበላ ማን ያውቃል? ስለዚህ ሌላ መለኪያ ልንገራችሁ፦

- በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ሳትበሉ ተመዘኑ። ሚዛን ከሌለ ቀበቶ አይዋሽም።
- አዲስ ስፖርት ስትጀምሩ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ምግባችሁን ብዙ አትለውጡ። ክብደታችሁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ ከዚያ በትንሽ በትንሹ አስተካክሉ። ይህ ለስኳር ታካሚዎች የሚሠራው መድኃኒቱ ከታየ በኋላ ነው።
- ራሳችሁን ጠይቁ፦ እንቅልፌ ደህና ነው? ሥራዬን በጉልበት እሠራለሁ? ስነሳ ያዞረኛል? የሚያዞራችሁ፣ የሚያነጫንጫችሁና ቀን የሚያፈዛችሁ ከሆነ ምግባችሁ አንሷል።

ጋሼ ምን ሆኑ? ስኳራቸው ተመልሶ እንዳይወርድ እስከ ማግስቱ አስተኝተን ተከታተልናቸው። ከዚያ መድኃኒታቸውን ቀየርን። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "አንተ ልጅ፣ ደህና ነኝ እኮ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አሁን ቁርሳቸውን በልተው ነው የሚወጡት። ባለፈው ለክትትል ሲመጡ 3 ኪሎ ቀንሰዋል። ከመውጣታቸው በፊት ኪሳቸው ገብተው ሁለት ከረሜላ አወጡ፤ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ "ስፖርት ይሥሩ" ባልኩ ቁጥር "ቁርስ ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ወረፋው ቢረዝምም።

ጠዋት ጠዋት የሚራመድ የስኳር ታካሚ አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን አንብቡላቸው። መንገድ ዳር ላብ አጥምቆት የተደናገረ ሰው ስታዩም "ሰክሮ ነው" ብላችሁ አትለፉ።

ጤናችሁ ይብዛ!