የአረጋውያን ማዕድና የጥራጥሬ ነገር

ጥራጥሬ በሀገራችን የጾም ምግብና የድኻ ምግብ የሚሉ ሁለት ስሞች ወጥተውለት የኖረ እህል ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ዕድሜው ገፍቶ፥ ልጆቹም ለቁም ነገር በቅተው ሊጦሩት በተነሡ ጊዜ፥ ክብራቸውን የሚገልጹለት ጾሙ እንደ ተፈታ ሽሮውን ከፊቱ አንሥተው በምትኩ ቅቤ የጠጣ የሥጋ ወጥ፥ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ በማቅረብ ነው። ይህ ልማድ ከበጎ ኅሊና የመነጨ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የአረጋዊን ሥጋ ጠባይ ለመረመረ ሰው፥ ከማዕዱ የተነሣው ከቀረበለት ይልቅ ይጠቅመው እንደ ነበር ይታያል።

ሰው ከጎልማሳነት ወደ ዕርግና ሲያልፍ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ በሀገራችን ለጡረታ ከተወሰነው ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ መሳሳቱ እየፈጠነ ይሄዳል። እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ ለኃይል የሚያስፈልገው ምግብ ያንሳል፤ ሥጋን የሚጠግነው ፕሮቲን ግን አብሮ አያንስም። ለጎልማሳ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ይበቃል ሲባል፥ ለአረጋዊ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ሊሆን ይገባል የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ ይኸውም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሽማግሌ በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ሽማግሌ ምን ይበላል» እየተባለ፥ ጠዋት ሻይ በዳቦ፥ ማታ የገብስ አጥሚት ለእርጅና የሚበቃ ምግብ ተደርጎ ይቈጠራል። በዚህ አመጋገብ ሆዱ ይሞላል፤ ከመቀመጫው ለመነሣት የሚያስፈልገው የጭኑ ሥጋ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይጎድላል።

100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል፥ ባቄላም እንዲሁ፥ ሽንብራ ደግሞ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ፥ እንጀራ በሽሮ መብላት የድኽነት ብልኀት ብቻ ሳይሆን ከተመጣጠኑት መባልዕት አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ በገለባውና በፍሬው ያለው አሠር የአረጋውያንን የሆድ ድርቀት ያቃልላል፤ የተበላውም ስታርች በዝግታ እየተፈጨ ወደ ደም ስለሚገባ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ይስማማል። በጃፓን፥ በስዊድን፥ በግሪክና በአውስትራሊያ የሚኖሩ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆነ 785 አረጋውያንን እስከ 7 ዓመት የተከታተለና በ1996 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ በየቀኑ የሚበላው ጥራጥሬ በ20 ግራም በጨመረ ቍጥር የመሞት ዕድል ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህል ቀንሶ ማግኘቱን ገልጿል። እንዲህ ያለው ምርምር ምክንያቱን በፍጹም አያረጋግጥም፤ ሆኖም 20 ግራም ከእፍኝ የሚያንስ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ለመሞከር የሚጠየቀው ዋጋ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ከባዕድ ሀገር መዋስ አያስፈልገንም ነበር። ሰባቱ አጽዋማት፥ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፥ ምእመኑን የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከሥጋና ከወተት ስለሚከለክሉት፥ እናቶቻችን ጥራጥሬን የሚያሰናዱበት ጥበብ ከዘመን ወደ ዘመን ረቆ ኖሯል። ባቄላው ተዘፍዝፎ ሲበቅል በቆልት ይሆናል፤ ዱቄቱ ተመትቶ እልበት፥ ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ቦክቶ ስልጆ ይወጣዋል፤ ተቈልቶ በውኃ ሲርስ አሹቅ፥ ለጸሎተ ሐሙስ ከስንዴ ጋር ሲቀቀል ጉልባን ይባላል። መዘፍዘፍ፥ ማብቀልና ማቡካት በጥራጥሬ ውስጥ ሆነው ብረትንና ዚንክን የሚይዙትን ነገሮች እንደሚቀንሱ የዛሬ ኬሚስቶች አረጋግጠዋል፤ እነዚያ እናቶች ግን ኬሚስትሪውን ሳይማሩ ውጤቱን በእጃቸው ይዘውት ኖሩ። ጥርሱ ለረገፈ ሽማግሌ ለስላሳውን እልበት ያወጣ ሰው ምንኛ ብልኅ ነበር! አሁን በከተማ ከዚህ ሁሉ የቀረልን ሽሮ ብቻ ነው፤ እርሱም በየምግብ ቤቱ ዘይት ዋኝቶበት ጨው በዝቶበት ይቀርባል፥ በየቤቱም ሁለት ማንኪያ ዱቄት በድስት ሙሉ ውኃ ተበጥብጦ ሽሮ ይባላል። የመጀመሪያው በቀን ከ5 ግራም በላይ ጨው እንዳይበላ ለተመከረ የደም ግፊት ሕመምተኛ ጉዳት ነው፤ ሁለተኛውም በስሙ እንጂ በግብሩ ጥራጥሬ አይደለም።

የማዕድ ለውጥ በአንድ ትውልድ ምን እንደሚያደርስ በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ ታይቷል። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፥ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሲገቡ የስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር፤ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ከለመዱ፥ የእርሻንም ድካም ከተዉ በኋላ ግን ሕመሙ በብዙ እጥፍ ጨመረ።

ጥራጥሬ የሁሉ መድኀኒት ነው ማለትም ስሕተት ነው። ቢ12 የተባለው ቪታሚን በውስጡ ፈጽሞ የለም፤ የአረጋዊ ጨጓራም ይህን ቪታሚን ከምግብ ለይቶ ለመውሰድ ይደክማል። ስለዚህ በፍስኩ ወራት እንቍላል፥ ወተትና ዓሣ ሊጐድሉበት አይገባም። ኵላሊቱ የታመመ ሰው መጠኑን ከሐኪም ሳይጠይቅ ጥራጥሬ አያብዛ። ሆድ የሚነፋው ሰው በጥቂቱ ይጀምር፥ የተዘፈዘፈበትንም ውኃ ይድፋ፤ ቡናውንም ከምግቡ ጥቂት ያርቀው፥ ብረትን ይከለክላልና። ጓያ ግን ብቻውን የተለየ ነገር ነው፤ በድርቅ ዘመን ከጎንደርና ከጎጃም ገበሬዎች ብዙዎች ለወራት እርሱን ብቻ ሲበሉ እግራቸው ሰልሎ ቀርቷል፥ ሽባነቱም አይድንም። እንግዲህ ዋጋው ረከሰ ተብሎ በሽሮ ዱቄት ውስጥ እንዳይበዛ መጠንቀቅ ያሻል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አረጋውያን ነገር ደግሞ ብዙ ቤተሰብ በዝምታ የሚያልፈው ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማንና ለደካሞች የምትራራበት ሥርዓት አላት፤ የስኳር መድኀኒት የሚወስዱ እናት ወይም አባት ካሉ፥ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር መምከር የልጆች ግዴታ ነው። ከዚያ በቀር፥ አረጋዊ የምትጦሩ ሁሉ፥ ፋሲካ ሲገባ እንቍላሉንና ወተቱን በማዕዱ ላይ ጨምሩ እንጂ ምስሩንና እልበቱን አታንሡባቸው፤ ሽሮውንም ወፈር፥ ጨውንም ቀነስ አድርጉላቸው።