ስምና መገኛ በኢንተርኔት አድራሻ

«ማን ነው?» እና «የት ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የኢንተርኔት አድራሻ ግን ለሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ጆን ፖስቴል አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ደንብ መሠረት አድራሻው ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው። ራውተሮች የመረጃውን ጥቅል የሚመሩት በዚህ ቁጥር ነው፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ኮምፒዩተሮችም የሚነጋገሩትን ወገን የሚለዩት በእርሱው ነው። ስለዚህ አንዱ ወደ ሌላ አውታር ሲዛወር ቁጥሩ ይለወጣል፤ የተጀመረው ግንኙነትም ይቋረጣል። ሌላው ወገን የሚያየው የተዛወረ ወዳጅ ሳይሆን ባዕድ ነውና።

ነገሩን የስልክ ቁጥር ይበልጥ ይገልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በርባንክን የሚያጠቃልለው 818 ከ213 ተከፍሎ ሲወጣ ኤሪያ ኮዱ የሚናገረው ስለ ስፍራ ነበር። የእጅ ስልክ ሲስፋፋ ከበርባንክ ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው 818ን ይዞ ሄደ፤ ከኖቬምበር 2003 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያ ሲለውጥም ቁጥሩን ማቆየት ተፈቀደለት። ቁጥሩ ስም ሆነ ማለት ነው። ይህ ሊሆን የቻለው በአንድ የጋራ መዝገብ ነው፤ አውታሩ አስቀድሞ መዝገቡን ይጠይቃል፣ መዝገቡም ቁጥሩን ዛሬ የሚያስተናግደውን ማዞሪያ የሚያመለክት ሌላ ቁጥር ይመልሳል፣ ጥሪው የሚጓዘው በዚህ በሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሊስፕ የተባለው ሥርዓት ለኢንተርኔት ያቀደው ይህንኑ ነው፤ አንድ ቁጥር ለመለያ፣ ሌላ ቁጥር ለመገኛ፣ በመካከላቸውም መዝገብ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ስምን ከስፍራ መለየት ይቻላል ወይ የሚለው አይደለም። መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? የሚለው ነው።

ሂፕ የተባለው ሌላው ሥርዓት በዚህ ረገድ ይበልጥ ደፋር ነው። በእርሱ ዘንድ መለያውን የሚሰጥ ባለሥልጣን የለም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ጥንድ ቁልፎች ያመነጫል፣ ይፋዊው ቁልፍ ስሙ ይሆናል፣ ምስጢራዊው ደግሞ የባለቤትነቱ ማስረጃ። የት እንዳለ የሚጠቁም አገልጋይ ያስፈልገው ይሆናል፤ ነገር ግን አገልጋዩ ቢዋሽ እንኳ እርሱን መስሎ ሊቀርብ አይችልም።

የዚህ ልዩነት ክብደት ለእኛ ስውር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌዎችን ካቋቋመ ወዲህ የከተማ ሰው መታወቂያውን ከሚኖርበት ቀበሌ ሲያገኝ፣ ሲዛወርም መሸኛ ሲጠየቅ ኖሯል፤ ማንነቱ ከስፍራው ጋር ተሰፍቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ይህን ስፌት ይፈታል። መልካም ነው፤ ይሁንና በየሄደበት የሚከተለው አንድ ቁጥር ያለው ሰው በየሄደበት ለመፈለግም የተመቸ ነው። ራስ ያመነጩትን ቁልፍ ጥሎ ሌላ ማመንጨት ይቻላል፤ መንግሥት የሰጠውን ቁጥር ግን አይቻልም።

ሊስፕም ሂፕም በሰፊው ሕዝብ ኢንተርኔት ላይ አልሰፈኑም። ልዩነቱ የገባው በጓሮ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው ክዊክ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ከአድራሻው የተለየ መለያ ስለሚሰጥ፣ ስልኩ ከቤት ዋይፋይ ወጥቶ ወደ መንገድ አውታር ሲሻገር ንግግሩ አይቋረጥም። ይህ መለያ ግን የሚያገለግለው ግንኙነቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከፌርፋክስ ጎዳና ሆኖ አዲስ አበባ ያሉትን እናቱን በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ሰው እርሳቸው ያሉበትን የሚያገኘው በኩባንያው መዝገብ በኩል ነው፤ ያንን መዝገብ ደግሞ እርሱም እናቱም ሊመረምሩት አይችሉም።