የቅኔ ቤት ተማሪ ድካም

ትምህርት ድካም መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ድካሙን ማን ምን ያህል እንደሚሸከመው፤ ተማሪውም በደከመ ጊዜ ወዴት እንደሚወድቅ እንደየሕዝቡ ልማድ የተለያየ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው በሰባታሚት፣ በአክስቴ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ያየሁት ነገር ነው።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት የተሰማው በዚያ ሰሞን ነበር። የአክስቴ ልጅ ከግማሽ በታች ማግኘቱን በስልኩ ካየ በኋላ ከጓዳ ገብቶ፣ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ተኛ። አክስቴ ምሳውን አቅርባ ብትጠራው አልመልስ ስላላት ዝም ብላ ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ውሻውም ተነሣበት። ወጥተን ብናይ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ በዕድሜው ከቤቱ ልጅ የማይበልጥ የቆሎ ተማሪ ዱላውን ወደ ውሻው አስቀድሞ ቆሟል። አክስቴ እንጀራ እየሰጠችው «ተሜ፣ ቅኔ ስንት ዓመትህ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ሦስት ዓመቴ ነው፤ ገና ሥላሴ ላይ ነኝ፣ እማማ» አላት። በሦስት ዓመት ከሥላሴ አለማለፍ ፈጣን የሚያሰኝ አይደለም። እርስዋ ግን «አይዞህ፣ ምሥጢሩን ይግለጥልህ» ብላ መረቀችው። ወደ ቤት ስትመለስ ለገዛ ልጅዋ የምትለው ቃል አላገኘችም። እኔም፣ በዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ የምለው፣ የምለው ቃል አላገኘሁም።

የሁለቱን ልጆች ድካም አስተያይቶ ለመረዳት በመጀመሪያ የቅኔ ቤቱን ሥራ ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

በሀገራችን ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዐት ልጅ ከፊደልና ከዳዊት ንባብ ተነሥቶ ወደ ቅዳሴ፣ ወደ ዜማ፣ ወደ አቋቋም፣ ወደ ቅኔ፣ በመጨረሻም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ደብር የሚያገኝ የለም። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ይጓዛል። የቅኔ ስመ ጥር ቤቶች ግን ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ሲሆኑ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ጎጃም ውስጥ ናቸው። የጎንጅን ቤት ትውፊቱ ከተዋነይ ስም ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ የጣና ደቡባዊ ዳርቻ ተማሪ የሚመላለስበት መንገድ ሆኖ ኖሯል። የጎጃሙ ልጅ ለዜማ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ የሌላው አገር ልጅ ደግሞ ለቅኔ ወደ ጎጃም ይወርዳል።

ተማሪው ከአገሩ ርቆ እንዲማር የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ልማዱ ግን ከሕግ የበረታ ነው። ምክንያቱም በቅርብ ያለ ልጅ ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ይፈለጋል። ብዙው ተማሪ ከወላጆቹ ጠፍቶ የሄደ በመሆኑ አባቱ ፈልጎ እንዳያገኘው ይሠጋል። እንዲያውም ከአባት ቤት ሳይጠፉ የተማሩ ሊቅ እምብዛም አይገኙም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በቅኔ ቤት ዕለቱ የሚጀምረው ከማታ ነው ለማለት ይቻላል። መምህሩ፣ በተማሪው አጠራር የኔታ፣ ማታ በጉባኤው መካከል ሆነው ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምሥጢሩንም ያብራራሉ፤ ተማሪው በቃሉ ይይዛል። በማግሥቱ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጥቶ የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። ይህ ቈጠራ ይባላል። ከዚያ ተመልሶ የቈጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያሰማል፤ ይህም ነገራ ነው። ቃሉ ያነሰ፣ ዜማው የሰበረ፣ አገባቡ የሳተ እንደ ሆነ ይታረማል፤ ጨርሶ የማይሆን ከሆነም ይጣላል። የተጣለበት ተማሪ በማግሥቱ እንደ ገና ወደ ዱሩ ይሄዳል።

የቈጠራው ክብደት በውጭ ላለ ሰው በቀላሉ አይታወቅም። ተማሪው የሚቀኘው በግዕዝ ነው፤ ግዕዝም ዛሬ የማንም የእናት ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ግሱን፣ እርባ ቅምሩን፣ አገባቡን ማጥናት ይኖርበታል። ቅኔው የዜማ ልክ ስላለው ቃሉ ከልኩ ሊያንስም ሊተርፍም አይገባም፤ ቤቶቹም ሁሉ በአንድ ፊደል መምታት አለባቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ሰምና ወርቅ አለ። የበዓሉ ምሥጢር ወርቁ ነው፤ ሰሙን ግን ተማሪው ከዓይኑ ፊት ካለው ነገር ይፈልጋል። ገበሬ ስንዴ ሲዘራ ያየ ልጅ ከመሬት ተቀብሮ የሚበቅለውን ዘር የመቃብርና የትንሣኤ ሰም ሊያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ከእርሱ በፊት ስንቶች ብለውታልና የኔታ «የታወቀ ነው» ብለው ይመልሱበታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ኅብርና ውስጠ ወይራ የሚባሉት መንገዶች ሲጨመሩበት ሥራው የባሰ ይጠልቃል።

ደረጃው የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ቀጥሎ ዋዜማ፣ ባለ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ እያለ እስከ ዕጣነ ሞገር ይዘልቃል። ይህን የፈጸመ ተማሪ ሙሉ ቤት ደረሰ ይባላል። ለዚህ ስንት ዓመት ይበቃል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ ልጁ ነው፤ ሦስትም አምስትም ዓመት የሚፈጅበት አለ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ ለመሻገር የተወሰነ ቀን የለም። የዘገየ ተማሪ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል፤ ያፍራል፤ ይሾፍበታልም፤ ነገር ግን አይባረርም።

የሥጋው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ተማሪው የሚያድርባትን ጎጆ ከእንጨትና ከሣር ራሱ ይሠራል። እንጨት መልቀምና ውኃ መቅዳት ይልቁንም በአዲስ ገቢው ላይ ይወድቃል። ምግቡን በየመንደሩ እየዞረ ለምኖ ያገኛል፤ የተረፈውን እንጀራ አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል። ጥቂቱ ደግሞ ልብስ እየሰፋ ራሱን ይረዳል። ውሻ፣ ቅማል፣ እከክ፣ በክፉ ዘመንም ተስቦ የማይቀሩ ጎረቤቶቹ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጋር ትምህርት አልገባ ሲለው አብሾ የሚባለውን ለመጠጣት የሚደፍር ነበረ። አብሾ አእምሮን ይከፍታል ተብሎ የታመነበት የዕፅ መድኃኒት ሲሆን፣ መጠኑን የሳተ ሰው ያብዳል ይባላል። ተማሪ ሊቅነትን ከእብደት ጋር በአንድ ዋንጫ ሊጠጣ መፍቀዱ የጭንቀቱን ልክ ያሳያል።

ይሁንና ልመናውን እንደ ውርደት ብቻ የሚቈጥር ጸሐፊ ነገሩን ግማሽ አይቶታል። የሰባታሚቷ አክስቴ ለተሜ እንጀራ የምትሰጠው እንደ ነዳይ አይደለም፤ የሰማይ ዋጋ የምታገኝበት፣ ነገም በደብርዋ ለሚያገለግል ሰው ስንቅ የምታዋጣበት ግዴታ ነው። አንድ የቅኔ ቤት በአካባቢው ካሉት መንደሮች ሞሰብ ላይ የተመሠረተ ነው። ገበሬው ግዕዝ አያውቅም፤ የተማሪውን ድካም ግን እኩሌታውን ይሸከማል።

ሌላም አለ። ትምህርቱ በቃል ስለሆነ መጽሐፍ ለመግዛት ያልቻለ ድኻ ከባለጸጋ ልጅ እኩል ይማራል፤ ዓይነ ሥውሩም ከሚያየው እኩል ይቀኛል። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ያጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው በጎጃም በጽላሎ መምህር ለመሆን በቅተዋል። ለወንድ ብቻ የተለየ በሚመስለው ጉባኤ ላይ የሴት መምህርነታቸው ብዙ ሊጻፍበት የሚገባ ነው። የዚህን ዓለም ሥዕል በልብ ወለድ ለመመልከት የሚሻም የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንበብ ይችላል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ መጽሐፍ በዛብህ የተሣለው ደራሲው ራሳቸው በሚያውቁት በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። በዚያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት ከ896,000 በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም 3.3 በመቶ ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠ በመሆኑ ልጆቹ ከየወረዳቸው ተጓጕዘው፣ ከቤተ ዘመድ ተለይተው ተፈተኑ። ያለፈውም ቢሆን አላረፈም። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ስለ ተጀመረ፣ ዓመታቱን ሁሉ በማለፊያ የፈጸመ ተማሪ በመጨረሻው በር ላይ እንደ ገና ይመዘናል። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒክ፣ በኋላም የመምህራን አካዳሚ ያገኘች ከተማ ናት፤ ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። በዚያ ያለ ተማሪ መንግሥት ያበላዋል፤ ማደሪያም ይሰጠዋል፤ ከተመረቀ በኋላ በወጪ መጋራት ድርሻውን ይከፍላል። ውሻ አያባርረውም። ነገር ግን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛም እንደ ግዕዙ ከቤቱ ያመጣው ቋንቋ አይደለም። ልዩነቱ የቅኔው ተማሪ ቋንቋውን ራሱን ለዓመታት እንዲማር ሲፈቀድለት፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ያውቀዋል ተብሎ መገመቱ ነው። በክፍሌ ውስጥ ሐሳቡ የገባው፣ ቃሉ ግን የጠፋበት ተማሪ ወረቀቱን ባዶ አድርጎ ሲመልስ አይቻለሁ። ዜሮ ሰጠሁት፤ ሌላ የምሰጠው ነገር ሥርዐቱ አላስቀመጠልኝም።

ለትምህርት በቈየሁበት በኮሪያ ያየሁት ሦስተኛ መንገድ ነው። በእኛ በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ሲዘምትላት በጦርነት የፈረሰች አገር፣ ዛሬ ልጆችዋን በትምህርት የምታስጨንቅ ሆናለች። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚሰጠው በዓመት አንድ ቀን፣ በእኛ ኅዳር ወር ነው። በዚያን ዕለት የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ጊዜ ለ35 ደቂቃ ያህል አውሮፕላን አይነሣም፤ አያርፍም። የዘገየውን ተማሪ ፖሊስ አሳፍሮ ያደርሰዋል፤ እናቶች በየቤተ መቅደሱና በየቤተ ክርስቲያኑ ይጸልያሉ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ግል የማስጠኛ ቤት ይሄዳል፤ በሴኡል እነዚህ ቤቶች ከሌሊቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በሕግ መከልከል አስፈልጓል። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ሌሊቱን ሁሉ በሰው የተሞላ ነው። እኔም እንደ እነርሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ያደርሁባቸው ሌሊቶች ጥቂቶች አይደሉም።

አንድ ነገር ግን አሳቀኝ። ለተፈታኙ የሚያጣብቅ ከረሜላ ይሰጡታል፤ የሚያሙለጨልጭ የባሕር ሣር ሾርባ ግን ይከለክሉታል። በቋንቋቸው «ተጣበቀ» እና «ፈተና አለፈ» አንድ ቃል ስለሆነ ነው። የእኛ የቅኔ መምህር ይህን ቢሰሙ ኅብር ነው ማለታቸው አይቀርም። ጥንታቸውም ከእኛ ጥንት ብዙ አይርቅም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ958 እስከ 1894 ዓ.ም. ድረስ በኖረው ግዋጎ በሚባለው የሹመት ፈተና፣ ኮሪያዊው ወጣት በጥንታዊ ቻይንኛ ድርሰትና ግጥም ይጽፍ ነበር። ያም የማንኛቸውም የእናት ቋንቋ አልነበረም። የእነርሱ ግን በቀጠሮ ቀን የሚለይ፣ አንዱን ሹም አድርጎ አያሌውን ወደ ቤት የሚመልስ ነበረ። የዛሬውም ፈተናቸው ጠባዩ ከዚያ የራቀ አይመስለኝም።

የእኛ አዲሱ ፈተና የኮሪያን ቀጠሮ ወስዷል፤ አውሮፕላን የሚያቆመውን ኅብረተሰብ ግን ገና አላገኘም። የቅኔ ቤቱንም ሞሰብ ትቶታል። ይህን ስል ቅኔ ቤቱን አሳምሬ ለመሣል አይደለም፤ በጎጆው በበሽታ የሞተውን፣ በአብሾ የተነካውን፣ ተሰላችቶ የተመለሰውን ማንም አልቈጠረውምና፣ የኮሪያውና የእኛው ፈተና እንደሚቈጠረው ቢቈጠር ኖሮ ምን እንደሚታይ መገመት አያዳግትም። ሆኖም በዚያ ሥርዐት «አልገባኝም» ማለት የዕለት ወሬ ነው፤ በማግሥቱ ዱሩ አለ።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ሰባታሚት ስመለስ ልጁ ከፈተናው ላነሱት በተዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት ተመድቦ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ጓዙን ያሰናዳ ነበር። አክስቴ በሶና ድርቆሽ እያሰረችለት «ያበላሉ ይሉኛል፤ ቢሆንም ያዝ» ትለዋለች። ስለዚያ ተሜ ጠየቅኋት። ሥላሴን አልፎ ከመወድስ መግባቱን ራሱ መጥቶ እንደ ነገራት፣ ከዚያም ወዲህ በሌላ መንደር በኩል እየዞረ እንደ ሆነ፣ ውሻዋም እርሱን ለይቶ መጮኽ ትቶ እንደ ነበር ነገረችኝ።