በጓሮ ምን እንትከል?

አትክልት ማልማት መልካም መሆኑን የሚነግረን ብዙ ነው፤ የትኛው ለድካማችን ዋጋ እንደሚከፍል የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። እኛም አዲስ አበባ ከተከራየናት ቤት ጓሮ ያለችውን 12 ካሬ ሜትር መሬት ባለፈው ክረምት ቆፍረን፣ የደመወዝ ማለቂያ ሰሞን መደገፊያ እንዲሆነን ሁሉንም ድንች ተከልንበት። የክረምቱ እርጥበት ያመጣው በሽታ ቅጠሉን አጠቆረው። ከሦስት ወር በላይ ጠብቀን ያወጣነው ድንች ለሁለት ሳምንት ወጥ አልበቃም። ጎረቤታችን እማማ ግን በአጥር ጥግ ካሏቸው ጥቂት እግር ጎመኖች በየቀኑ ይቀነጥሱ ነበር።

ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። ድንችና ሽንኩርት አንድ ጊዜ ተነቅለው ያልቃሉ፤ በጆንያ ከሩቅ ቢመጡም ቶሎ አይበላሹምና ከገበያ መግዛቱ ይሻላል። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ግን የታችኛው ቅጠል ብቻ ከተቀነጠሰ ከላይ እያቆጠቆጡ ለወራት ያበላሉ። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ከገበያ ያመጣነው እንደሆነ ማታውን የሚጠወልገውም እሱ ነው።

ቲማቲም ያጓጓል፤ እኛንም አጓጉቶን ነበር። ይሁን እንጂ በ2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ውርጭ ያገኘው ቲማቲም ሳይቀላ ይቀራል። ፀሐይ የሚያገኘው የግድግዳ ጥግ ለሌለው ሰው አንመክርም። ጤና አዳም አንድ እግር ብቻ! ለቤቱም ለጎረቤቱም ቡና ይተርፋል።

ዘንድሮ ከ12ቱ ሜትር ስምንቱን ለጎመን ሰጥተናል። ችግኙን የሰጡን እማማ ናቸው፤ በድንቻችን የጀመሩትን ሳቅ ግን ገና አልጨረሱም።