ከዱላው ይልቅ «ጎሽ!»

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰባት ዓመት ልጄ ከግቢ እየሮጠች ገባችና «እማዬ፣ ቡቺ አጉረመረመብኝ!» አለችኝ። ወጥቼ ሳይ ቡቺ በሰንሰለቱ እንደታሰረ ሳህኑ ላይ ቆሞ ጥርሱን አሳይቷል። ልጄን አልነካትም። ባለቤቴ ግን «ነገ ከዚህ ግቢ ይወጣል» አለ። ዘበኛችን ደግሞ የራሳቸው መላ ነበራቸው፤ «አንዴ በደንብ ቢገረፍ ይተዋል።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ያደግሁት እንዲሁ እያየሁ ነው። ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ትራፊ ይበላል፣ ሲያጠፋ ይመታል። ቡቺን ከማባረራችን በፊት ግን የሚከትቡልንን የእንስሳት ሐኪም ላማክር ብዬ ደወልኩ። መልሳቸውን አልጠበቅሁትም ነበር። «ስላጉረመረመ አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ብታስቆሙት ፍርሃቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። ሌላ ቀን ሳያጉረመርም ሊነክስ ይችላል» አሉኝ።

ሽልማት እንዴት ያስተምራል?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ በሣጥን የተዘጉ ድመቶች ወደ ውጭና ወደ ምግብ ያደረሳቸውን ድርጊት እየደጋገሙ እንደሚማሩት አሳይቷል። በአህጉራችን ምሳሌም አለ፤ በታንዛኒያ ሞሮጎሮ የሚገኘው አፖፖ የተባለ ድርጅት ትልልቅ አይጦችን በምግብ ሽልማት አሠልጥኖ በሞዛምቢክ የተቀበረ ፈንጂ እንዲያሸቱ አድርጓል። አይጥን በዱላ ፈንጂ ማስፈለግ አይቻልም! የአሜሪካ የእንስሳት ባህሪ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ለማንኛውም ውሻ በሽልማት ማሠልጠንን መክሯል።

ለእኔ ለማርኬቲንግ ባለሙያዋ ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ደንበኛ የሚመለሰው ስለተቆጣነው ሳይሆን ሲመጣ የሚጠቅመውን ስላገኘ ነው። አባቶቻችንስ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለው የለ?

በግቢያችን የሞከርነው

መጀመሪያ የቡቺን ምግብ ሰው ወደማይመላለስበት ጥግ ወሰድነው፤ ሲበላም ሰንሰለቱ ይፈታል። ከዚያ እኔና ባለቤቴ (ልጃችን ሳትሆን!) ሲበላ ከሩቅ ቆመን የተቀቀለ ጉበት እየወረወርንለት ዞር ማለት ጀመርን። ሳይደነግጥ ሲቀበለን በማግስቱ አንድ እርምጃ እንቀርባለን። ሰው ሲጠጋው ሊቀማው ሳይሆን ሊጨምርለት መሆኑን ቀስ በቀስ ተረዳ።

ቀጥሎ «ተቀመጥ»ን አስተማርነው። ቁራሹን ከአፍንጫው ከፍ አድርገው ወደ ኋላ ሲወስዱት ጭንቅላቱ ይከተላል፣ መቀመጫውም መሬት ይነካል። በዚያችው ቅጽበት «ጎሽ!» ብለው ይስጡት። አንድ ሁለት ሰከንድ ከዘገዩ ሌላ ነገር ያስተምሩታል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሲዘልብኝ እየሰጠሁት፣ መዝለልን አስተምሬው አረፍኩ።

ሌላው ስህተታችን የቋንቋ ነበር። ባለቤቴ «ሲት»፣ ዘበኛችን «ተቀመጥ»፣ ልጄ «ቁጭ በል» ስንል ውሻው ግራ ገባው። አንድ ቃል መረጥን፤ ነገሩ ቀለለ።

ዘበኛችን ግን «ሥጋ እየጎረሰ ከለመደ ሌባውንም ሊስመው ነው» ብለው ተጨነቁ። ቡቺ ዛሬም በር ሲንኳኳ ይጮኻል። የተለወጠው ነገር «በቃ» ሲባል ዝም ማለቱ፣ «ና» ሲባል መምጣቱ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

• ቁራሹ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይሁን። የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጉበት ይበቃል። ሽንኩርት ያለበት ወጥ፣ ቸኮሌትና የበሰለ አጥንት ይጎዱታል።
• ልምምዱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን።
• ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ወይም ነክሶ ከሆነ ልምምዱን ትተው ሐኪም ያማክሩ፤ አሞት ሊሆን ይችላል።
• የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አያሳልፉ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው ጤና ተቋም ይሂዱ።
• ትንሽ ልጅንና ውሻን ብቻቸውን አይተዉ።

ይህን ከጀመርን ሦስት ወር ገደማ ሆነን። ቡቺ ሲበላ ልጄ አትጠጋም፤ ይህ ሕግ አልተነሣም። ከበላ በኋላ ግን አጠገቧ ቆሜ «ቡቺ፣ ተቀመጥ» ትለዋለች፣ ይቀመጣል። ባለቤቴም ስለማባረር ማንሣት ትቷል። ባለፈው እሑድ ማለዳ ደግሞ በመስኮት ስመለከት፣ ዘበኛችን ከካፖርታቸው ኪስ የሳንባ ቁራሽ አውጥተው «ጎሽ፣ የኔ ጀግና!» ሲሉት ሰማኋቸው። ዱላቸው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።