የተገዛ መሣሪያ መቼ ደረሰ ይባላል? ስለ ፀረ ታንክ መሣሪያ ግዥ አጭር ማብራሪያ

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ዕቃ ተገዛ ማለትና ዕቃ ደረሰ ማለት አንድ አይደለም። ዋጋው ተከፍሎ፥ የባንኩ ሰነድ ተፈርሞ ሳለ ዕቃው በባዕድ ወደብ ላይ ሊቀር ይችላል። በልደታ ማርያም ሠፈር መጋዘኑን ከፍቶ የሚጠባበቅ አስመጪ በዚህ ምክንያት የሚደርስበት ኪሣራ በገንዘብ የሚቈጠር ነው፤ መንግሥት የገዛው የጦር መሣሪያ በመንገድ ሲቀር ግን ኪሣራው በሰው ሕይወት ይቈጠራል። ታንክንና ሌላውን የጦር ተሽከርካሪ ለመምታት የሚያገለግለው መሣሪያ የግዥ ታሪክ ይህንን አጕልቶ ስለሚያሳይ፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናብራራው ወደናል።

ኢትዮጵያ ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በፓሪስ በተፈራረመችው ውል፥ ለመከላከያዋና ለውስጥ ጸጥታዋ የሚያስፈልጋትን መሣሪያ ከውጭ አገር የማስገባት መብቷ ታውቆላት ነበር። ይሁን እንጂ በዙሪያዋ ያሉት ወደቦች ሁሉ በእነዚሁ በሦስቱ መንግሥታት እጅ ስለ ነበሩ፥ መግዛቱ በእርሷ ፈቃድ፥ ማስገባቱ ግን በሌሎች ፈቃድ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ኢጣልያ ለወረራ ስትሰናዳ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ቢመስልም፥ ኢጣልያ መድፉንም ታንኩንም በራሷ ፋብሪካ ታሠራ ስለ ነበር የጐዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነበር። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፥ በመንግሥታት ማኅበር ውሳኔ በኢትዮጵያ ላይ የነበረው ክልከላ እንዲነሣ ተደረገ። ነገር ግን መሣሪያው ታዝዞ፥ በመርከብ ተጭኖ፥ በጅቡቲ ወርዶ፥ 784 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የባቡር መንገድ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ የጠፋውን ጊዜ መልሶ ማግኘት አልተቻለም።

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ታንክ ለመምታት የሚያገለግል መሣሪያ፥ ከስዊስ አገር የተገዙ ጥቂት የኦርሊኮን መድፎችና ከጀርመን በስውር የመጡ ጥቂት ባለ 37 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፎች ነበሩ። ይህ ለሰፊው የጦር ግንባር ሊበቃ የሚችል አልነበረም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ፥ በደምበጉና መተላለፊያ፥ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት የኢጣልያን ትንንሽ ታንኮች ያለ ፀረ ታንክ መድፍ ገጠማቸው። እነዚህ ታንኮች እያንዳንዳቸው ሦስት ቶን ያህል የሚመዝኑ፥ ሁለት ሰው የሚይዙና መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ የሚያነጣጥር ስለ ነበሩ፥ ጦረኞቹ ከኋላና ከጐን እየደረሱ ማረኳቸው። ድሉ ታላቅ ነበር፤ ሆኖም መድፍ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ የሰው ደረት እንደ ሠራው መዘንጋት የለበትም።

ዛሬ ከባድ ታንክ ከ60 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የብረት ልብሱም ከፊት ወፍራም፥ ከላይ ግን ስስ ነው። ዘመናዊዎቹ «ብልህ» ጥይቶች የተሠሩት ይህንን ስስ ቦታ ለማግኘት ነው። በጀርመን የተሠራው ስማርት፥ በስዊድንና በፈረንሳይ ኅብረት የተሠራውም ቦነስ በ155 ሚሊ ሜትር መድፍ የሚተኰሱ ሲሆኑ፥ እያንዳንዱ ጥይት በሆዱ ሁለት አረር ይይዛል። ጥይቱ ከዒላማው በላይ ሲደርስ አረሮቹን ይለቅቃል፤ እነርሱም እየተሽከረከሩ ሲወርዱ ሙቀትን በሚለይ መሣሪያ ምድሩን ይፈትሻሉ፤ ተሽከርካሪ ሲያገኙም ከላይ ይመቱታል። ዒላማ ያላገኘው አረር ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ተሠርቷል።

እንዲህ ያለው ዕቃ ከመደርደሪያ ተነሥቶ የሚሸጥ አይደለም። ገዢው መንግሥት አስቀድሞ የምርምሩንና የሙከራውን ወጪ ይከፍላል፤ የአንዱም ጥይት ዋጋ የሚቀንሰው ትእዛዙ ሲበዛ ብቻ ነው። ትእዛዙ ካነሰ ፋብሪካው ሥራውን ያቆማል። ቴክስትሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ የአውሮፕላን ቦምብ ውስጥ 40 ፀረ ተሽከርካሪ አረሮችን የሚይዝ መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ ትእዛዙ ስላነሰና በመሣሪያው ላይ የተነሣው ተቃውሞ ስለ በረታ፥ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ህንድንና ሳዑዲ ዓረቢያን የመሳሰሉ ደንበኞችም ከዚያው ፋብሪካ እንደገና ለማዘዝ የነበራቸው ተስፋ አበቃ።

ሕግም በዚህ ገበያ ትልቅ ድርሻ አለው። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደብሊን የጸደቀው ስምምነት ብዙ ትንንሽ ፈንጂዎችን የሚበትኑ ቦምቦችን ሲከለክል፥ የሚከተሉትን የሚያሟላውን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል፤ ይኸውም በውስጡ የያዛቸው አረሮች ከ10 ያነሱ፥ እያንዳንዳቸው ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ፥ አንድን ዒላማ ለይተው የሚመቱ፥ ራሳቸውንም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያጠፉና የሚያመክኑ ሲሆኑ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለት አረር የያዘው ጥይት ሲፈቀድ፥ 40 የያዘው አይፈቀድም። ስለዚህ ዕቃው በጥራት የተሠራ መሆኑ ብቻ ገበያውን አያጸናለትም።

ከዚህ ሁሉ ለንግድ ሥራ የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር በር የሌላት አገር ስለ ሆነች፥ አብዛኛው የውጭ ንግዷ በጅቡቲ ያልፋል። የራዲዮ መሣሪያ፥ ልዩ ልዩ ኬሚካልና ሰው አልባ አውሮፕላን የመሳሰሉት ለሰላምም ለጦርም የሚውሉ ዕቃዎች ስለ ሆኑ፥ ሻጩ አገር የመጨረሻ ተጠቃሚው ማን እንደ ሆነ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ሊጠይቅባቸው ይችላል። ስለዚህ አስመጪ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር፤ የሻጩ አገር የመላኪያ ፈቃድ መኖሩን፥ ዕቃው በመተላለፊያው ወደብ ለማለፍ የሚያስፈልገው ሰነድ መሟላቱን፥ መለዋወጫውም ወደ ፊት ከማን እንደሚገኝ። ከሦስቱ አንዱ የጐደለበት ዕቃ ዋጋው ተከፍሎ ቢያልቅም ገና እንዳልተገዛ ይቈጠራል።