መርፌው በነጻ እየተሰጠ

የአዲስ አበባው ጎጃም በረንዳ ከአውቶቡስ ተራ ሩቅ አይደለም። ከገጠር የምትመጣ ልጅ ከአውቶቡስ ስትወርድ ዘመድ ካልተቀበላት ደላላ ይቀበላታል፤ ብዙ ሳትቆይ ሰው ቤት ትገባለች። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወጣቶችን ሲያጠና፣ ከመጡት ልጃገረዶች ጥቂት የማይባሉት ያለ ዕድሜ ጋብቻን ሸሽተው እንደወጡ ነግረውታል። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የተቋቋመው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውም እዚሁ መርካቶ አካባቢ ነው። ከባል ያመለጠች ልጅ ታዲያ ከአሠሪዋ ልጅ፣ አንዳንዴም ከአባትየው አታመልጥም።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ2000 እ.ኤ.አ. ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2016 36 ደረሱ። ውርጃ ግን አልቀነሰም። የሥነ ተዋልዶ ጤና ድርጅቶቹ ጉትማቸር ኢንስቲትዩትና አይፓስ በ2008 እ.ኤ.አ. 382,000 ብለው የገመቱት በ2014 620,300 ሆነ። በአዲስ አበባ ከ1,000 ሴቶች 92 ያህል ሲሆን የአገሪቱ 28 ነበር። ለሕክምና ከክልል የሚመጡት ቁጥሩን ከፍ አድርገውት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም መቆጣጠሪያ በብዛት የሚወሰድባትም ከተማ አዲስ አበባ ናት።

ይህን አይቶ «የመቆጣጠሪያ መርፌው ምን ፈየደ?» የሚል አለ። ጥያቄው ስቷል። ጥቂት ልጅ መፈለግ ከመቆጣጠሪያው ቀድሞ ሲሮጥ መቆጣጠሪያውና ውርጃው አብረው ይጨምራሉ፤ በደቡብ ኮሪያም በ1960ዎቹ የሆነው ይኸው ነው። እዚያ ውርጃው የቀነሰው ቆይቶ ነው። ደግሞስ ከላይ ያለው 36 የተቆጠረው ከባለትዳሮች ነው፤ የሰው ቤት ሠራተኛዋ የለችበትም።

እሷ በየሦስት ወሩ ለመወጋት ፈቃድ መጠየቅ አለባት። ጤና ጣቢያው በነጻ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን እሷ እንጀራ በምትጋግርበት ሰዓት ነው። የክትትል ካርዷን እመቤቲቱ ካገኘችው «ባለጌ» ተብላ ትባረራለች። ካረገዘችም ትባረራለች፤ ደመወዟና መኝታዋ በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ባለትዳሯም ብትሆን የራሷ ጣጣ አላት፦ «ደም አበዛብኝ» ብላ መርፌውን ትተዋለች፣ ሌላ ሳትጀምር የፊተኛው ልጅ ጡት ሳይጥል ታረግዛለች። ከሚጀምሩት ሲሶ ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚያቆሙ የ2016ቱ ጥናት ያሳያል።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ለተደፈረች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ለወደቀ፣ ልጅ ለማሳደግ ዕድሜዋ ላልደረሰ ሴት ውርጃን ይፈቅዳል። ለመደፈሯ ቃሏ ይበቃል፤ በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ዕድሜዋንም በማስረጃ እንድታረጋግጥ አይጠየቅም። በ2008 እ.ኤ.አ. ከአራት ውርጃ አንዱ ገደማ ብቻ በጤና ተቋም ይከናወን ነበር፤ በ2014 ከግማሽ አለፈ። የቀረው የሚፈጸመው ሕጉን ያልሰማች ልጅ ጓደኛዋን ጠይቃ በምትሄድበት ነው። ደላላው ስለ ደመወዝ እንጂ ስለ አንቀጽ 551 አይነግራትም፤ ጤና ጣቢያውም የቤት ሠራተኞች በሚያርፉበት እሑድ ከሰዓት መርፌ አይወጋም። የጤና ጣቢያውን ሰዓት ለመቀየር አዲስ ሕግ አያስፈልግም።